የውሃ አባታችን ማነው?

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቧንቧው ያፏጫል። መጀመሪያ የሚመጣው አየር ነው፤ የተቆራረጠ ሳል የመሰለ ድምፅ። ቀጥሎ ሁለት ሦስት ጠብታ፣ ከዚያ ቡናማ ውሃ፣ ከዚያ የጠራ ውሃ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ይህን ድምፅ በእንቅልፉ ይለየዋል። ደረጃው ላይ የነጠላ ጫማ ኮቴ ይሰማል፣ አንዱ «ውሃ መጣ!» ይላል፣ በየፎቁ መብራት ቦግ ቦግ ይላል። ባልዲ፣ ሳፋ፣ ጀሪካን፣ ድስት፣ የሕፃን መታጠቢያ፤ አፍ ያለው ዕቃ ሁሉ ይሰለፋል። ልብስ የሚዘፈዝፍ አለ፣ ሽንት ቤት የሚያጥብ አለ፣ ባልዲው እስኪሞላ ቆሞ የሚያንቀላፋ አለ። ሲነጋ ሁሉም ዓይኑ ቀልቶ ወደ ሥራው ይሄዳል።

ጎበዞች ነን። በአንድ ጆግ ውሃ ፀጉር መታጠብ እንችላለን። የልብስ ማለቅለቂያውን ለወለል፣ የወለሉን ለሽንት ቤት ማዞር እንችላለን። ሰላጣ የሚቀርበትንና ሽሮ የሚበዛበትን ሳምንት ሳንነጋገር እናውቃለን። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የምናስበው ምን እንደምናበላው ሳይሆን ሽንት ቤት ቢጠይቅ ምን እንደምናደርግ ነው። ይህንንም እንደ ቀልድ እንተርከዋለን፤ እንስቃለን። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይላል ያገራችን ሰው። እኛን እያሳሳቀ የወሰደን ግን የሌለው ውሃ ነው።

የራሴን ስሞታ ልዘረዝር አልመጣሁም። ልከራከርበት የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የውሃ እጥረት አንድ ጉዳይ ነው፤ የተጠያቂነት እጥረት ሌላ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያውን ለመፍታት ግድብ፣ ጉድጓድ፣ ብዙ ብርና ብዙ ዓመት ያስፈልጋል። ሁለተኛውን ለመፍታት የሚያስፈልገው መዝገብ ነው። እኛ ግን ሁለቱን ቀላቅለን፣ ግድቡን ስንጠብቅ መዝገቡንም አብረን ስንጠብቅ ኖርን። በቃ ልንል የሚገባው እዚህ ጋ ነው።

ሮቶ ገዛንና ዝም አልን

መጀመሪያ ጀሪካን ነበር። ቀጥሎ በርሜል መጣ። ከዚያ ሮቶ። አሁን ከመንገድ ላይ ቀና ብላችሁ ኮንዶሚኒየሞቹን ብታዩ፣ በየበረንዳው ጥቁርና ሰማያዊ ታንከር ከልብስ ማስጫው ጋር ተጋፍቶ ቆሟል። እያንዳንዱ ሮቶ የአንድ ቤተሰብ መፍትሔ ነው። ልክም ነው፤ ልጅ ያለው ሰው ምን ያድርግ? ግን ሮቶ የገዛ ሰው ከጥያቄው አንድ እርምጃ ይርቃል። ውሃ ለሁለት ቀን ቢጠፋ አይነካውም። ለሦስት ቀን ቢጠፋ ትንሽ ይነካዋል። ሳምንት ሲሞላው ብቻ «ኧረ ይሄ ነገር!» ይላል። ትንሽ አቅም ያለው ሁሉ በራሱ ገንዘብ እየተሸፈነ ሲወጣ፣ ጥያቄው ሮቶ መግዛት ለማይችለው ብቻ ይቀራል። የእሱ ድምፅ ደግሞ መቼ ተሰምቶ ያውቃል?

ፎቁም የራሱን ፖለቲካ ሠርቷል። የጀሞ ኮንዶሚኒየም ምድርና አራት ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም። ግፊቱ ሲያንስ ውሃው ምድር ላይ ያለውን ሞልቶ፣ አንደኛን አዳርሶ፣ ሦስተኛ ላይ ይደክመዋል። ከዚያ አንዱ ብልጥ ፓምፕ ይገዛና ቀጥታ መስመሩ ላይ ይገጥመዋል። የጎረቤቱን ድርሻ ስቦ ሮቶውን ይሞላል። ጎረቤቱም በበኩሉ ፓምፕ ይገዛል። ከዚያ ጸብ ነው፦ «ምድር ቤት ያሉት ጨረሱብን»፣ «እነ እንትና ፓምፕ አላቸው»፣ «ኮሚቴው ምን ይሠራል?» ልብ በሉ፤ ጸቡ በሙሉ ከጎረቤት ጋር ነው። ውሃውን የማድረስ ግዴታ ያለበት አካል እዚህ ጸብ ውስጥ ስሙ አይነሳም።

አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንድ እናት አሉ። ጠዋት ጠዋት በራቸው ላይ ቆመው የሚያልፈውን ወጣት ሁሉ «ልጄ፣ ውሃ መጥቷል እንዴ?» ይላሉ። «ገና ነው እማማ» እንላቸዋለን። «እሺ፣ እግዜር ያምጣው» ብለው በሩን ገርበብ ያደርጋሉ። ብዙ ጊዜ ይህን ስሰማ አልፌዋለሁ። አንድ ቀን ግን ቃሉ ከነከነኝ። እግዜር ያምጣው? ዝናብ ነው እንዴ?

አነጋገራችንን ተመልከቱት። ውሃ «መጣ» እንላለን፣ ውሃ «ጠፋ» እንላለን፣ መብራት «ሄደ» እንላለን። ግሡ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱ ግን ውሃው ራሱ ነው። ተነስቶ የመጣ፣ አኩርፎ የሄደ ዘመድ ይመስላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የሆነ ቦታ ቫልቭ አለ። ያንን ቫልቭ የከፈተ ወይም ያልከፈተ እጅ አለ። እጁ የሚታዘዝበት ሠንጠረዥ አለ። ሠንጠረዡን የፈረመ ሰው አለ። «ውሃ አልመጣም» ስንል እነዚህን ሁሉ ሰዎች ከዓረፍተ ነገሩ እናስወጣቸዋለን። ዝናብን ደግሞ ማን ይከሳል?

እስቲ ሒሳብ እንሥራ

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው መሠረታዊ ፍላጎቱን ለማሟላት በቀን ከ50 እስከ 100 ሊትር ውሃ ያስፈልገዋል ይላል። ዝቅተኛውን እንውሰድ። አምስት ሰው ላለበት ቤት 250 ሊትር ይመጣል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢሆን አሥራ ሁለት ተኩል ጀሪካን ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ በየቀኑ ሁለት ኩንታል ተኩል ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ መውጣት ማለት ነው።

ይህን የሚያደርግ ሰው የለም። የሚደረገው በሦስትና በአራት ጀሪካን መኖር ነው፤ ለአንድ ሰው ከ12 እስከ 16 ሊትር ማለት ነው። የቀረው ከየት ይቆረጣል? ከመታጠቢያው፣ ከእጅ መታጠቢያው፣ ከልጆች ልብስ፣ የወር አበባ ላይ ካለች ልጅ። ቁጠባ ብለን የምንጠራው ነገር ሲፈታ ይህ ነው።

ገንዘቡንም እንየው። አንድ ሜትር ኪዩብ 50 ጀሪካን ይሞላል። አንዱን ጀሪካን ከነማመላለሻው በ10 ብር ብንይዘው እንኳ ሜትር ኪዩቡ 500 ብር ይመጣል። የቧንቧው ታሪፍ ለቤት ተጠቃሚ እዚያ አጠገብ አይደርስም። ውሃ በጀሪካን የሚገዛው ደግሞ ሮቶ መግዛት ያልቻለው፣ ቦቴ ማስመጣት የማይችለው ተከራይ ነው። ደሃው ውሃን ከሁሉም በላይ በውድ ይገዛል ማለት ነው።

ሒሳብ ውስጥ የማይገባም አለ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የሚነሳው ማነው? በብዙ ቤት እናት ናት፣ ትልቋ ሴት ልጅ ናት፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ስትሠራ የዋለችው የቤት ሠራተኛ ናት። ሮቶው የሚሞላው በእነሱ እንቅልፍ ነው። በነጋታው ክፍል ውስጥ የምታንቀላፋውን ተማሪ መምህሯ «ስልክ ስትነካኪ አድረሽ ነው» ብሎ ይቆጣታል።

ምክንያት አለ፤ አልክድም

ፍትሐዊ ልሁን። ለዚህች ከተማ ውሃ ማቅረብ ቀላል ሆኖ አያውቅም።

አዲስ አበባ ራሷ የውሃ ልጅ ናት። በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ ወደ ሜዳው ያወረዳቸው ፍል ውሃው ነበር። ከዚያ ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ግርጌ ውሃ በቧንቧ ስቦ ወደ አጼ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ሲያስገባ፣ ውሃ ዳገት ወጣ ተብሎ ጉድ ተባለ። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ጀሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ውሃ ዳገት ሲወጣ ዛሬም ጉድ ነው።

ቀጥሎ ገፈርሳ መጣ፤ በ1930ዎቹ። ለገዳዲ ግድብ በ1962 ዓ.ም.፣ ድሬ ግድብ በ1991 ዓ.ም.። በለገዳዲና በድሬ መካከል 29 ዓመት አለ። በእነዚያ 29 ዓመታት አብዮት መጣ፣ ጦርነት መጣ፣ ሁለት መንግሥት ወደቀ፣ ከተማዋ ግን ማደጓን አላቆመችም። ከዚያ የአቃቂ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በቀን 86,000 ሜትር ኪዩብ እንዲያመርት የታቀደው የለገዳዲ ሁለተኛ ምዕራፍ የጥልቅ ጉድጓድ ፕሮጀክት ተመረቀ። የገርቢ ግድብ ጉዳይ ለብዙ ዓመታት ሲነሳና ሲወድቅ ኖሯል። በዚህ መሐል ኮንዶሚኒየሙ ተስፋፋ። መንደር የነበረው ጀሞ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እየተባለ በቁጥር የሚጠራ ከተማ ሆነ።

ሌላም አለ። የጉድጓድ ውሃ በኤሌክትሪክ ነው የሚወጣው። መብራት ሲቋረጥ ፓምፑ ይቆማል፣ ፓምፑ ሲቆም ማጠራቀሚያው ይጎድላል፣ ማጠራቀሚያው ሲጎድል ፈረቃው ይዛባል። ከሚመረተው ውሃ ውስጥም ትንሽ የማይባለው ደንበኛ ጋ ሳይደርስ በአሮጌ መስመርና በሕገወጥ ቅጥያ ይጠፋል።

ፈረቃ ራሱም መስመሩን ይጎዳል። ባዶ የከረመ ቧንቧ ውስጥ ውሃ በድንገት ሲለቀቅ ግፊቱ መገጣጠሚያውን ይፈታል፤ ፍሳሹ ይጨምራል። መስመሩ ባዶ ሲሆን ደግሞ በስንጥቁ በኩል የውጭ ቆሻሻ ይገባል፤ መጀመሪያ የሚመጣውን ውሃ የምንደፋው ለዚህ ነው። ውሃው ከመምጣቱ በፊት የሚያፏጨው አየርም ቆጣሪ ሊያሽከረክር ይችላል። እጥረት ፈረቃ ይወልዳል፣ ፈረቃ ፍሳሽ ይወልዳል፣ ፍሳሽ እጥረት ይወልዳል።

ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ሆኖም አንዱም ምክንያት የሚከተለውን ጥያቄ አይመልስም፦ ማክሰኞ ይደርሳችኋል የተባለው ውሃ ማክሰኞ ሳይደርስ ሲቀር፣ ይህ የት ተመዘገበ? ግድብ ለመሥራት ቢሊዮኖች ያስፈልጋሉ። «ማክሰኞ አልደረሰም» ብሎ ለመጻፍ እስክሪብቶ ይበቃል።

ፈረቃ ቃል ነው

ፈረቃን በመርህ ደረጃ አልቃወምም። ውሃ ካነሰ በተራ መጠጣት ፍትሕ ነው። እንዲያውም ከእኛ በላይ ይህን የሚያውቅ ሕዝብ ያለ አይመስለኝም። በአማራ ክልል በባህላዊ መስኖ የሚያለሙ አርሶ አደሮች «የውሃ አባት» የሚሉት ሰው አላቸው። የሚመርጡት ራሳቸው ናቸው። የማን ማሳ በየትኛው ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጠጣ ያውቃል። ቦዩ ሲደፈን ለጠረጋ ይጠራል። ተራ የሰረቀ ሰው ይቀጣል። ተራው የተዘለለበት ገበሬ ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል፤ የውሃ አባቱ ቤቱ ይታወቃል፣ ስሙ ይታወቃል፣ ፊቱ ይታወቃል። ካዳላ ይሻራል።

እንግዲህ ጠይቁ፦ የጀሞ የውሃ አባት ማነው? ማሳ ያለው ገበሬ ያለውን ነገር፣ ቆጣሪ ያለው የከተማ ነዋሪ ለምን አጣው?

የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን የፈረቃ ፕሮግራም አውጥቶ ያሳውቃል። ጥሩ። ግን ፕሮግራም ማለት ቃል ነው። ቃል ደግሞ ሁለት ነገር ከሌለው ቃል አይባልም፦ መፈጸሙን የሚያይ ዓይንና ሲፈርስ የሚከተል ነገር። እኛ ሒሳብ ሳንከፍል ብንከርም የሚከተለው ነገር ተጽፎ ያለ ነው፤ ቅጣት አለ፣ ቆጠራ አለ፣ መስመር መቁረጥ አለ። ውሉ በአንድ ወገን ጥርስ አለው። በሌላው ወገን የቀረ ፈረቃ ምንድን ነው? ዕዳ ነው? ካሳ ነው? ይቅርታ ነው? በቢላችን ላይ አንድም መስመር የለውም። የበላነው ይቆጠራል፤ የተነፈግነው አይቆጠርም።

ስለዚህ ጠባችን ስለ ሊትር ብቻ አይደለም። በሳምንት ሁለት ቀን ቢባልና ሁለቱ ቀን ቢከበር፣ ሰው ሕይወቱን በሁለት ቀን ያደራጃል። ልብሱን ያን ቀን ያጥባል፣ ሌላውን ሌሊት ይተኛል። ሰውን የሚገድለው ጥበቃው ነው። ዛሬ ሌሊት ይመጣ ይሆን ብሎ ጆሮውን ከፍቶ መተኛት ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙዎቻችን ውሃ ችሮታ ይመስለናል። «ሲያገኙ ይሰጡናል» እንላለን። ሕገ መንግሥቱ ግን አንቀጽ 90 ላይ የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ፖሊሲዎች ለኢትዮጵያውያን ሁሉ ንጹህ ውሃ እንዲያገኙ ያለሙ እንዲሆኑ ያዛል። «አቅም በፈቀደ መጠን» የምትለዋ ሐረግ ለግድቡ ሰበብ ልትሆን ትችላለች። ለመዝገቡ ግን አትሆንም። ምክንያቱም አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት፣ ኃላፊነቱን ያጓደለ ባለሥልጣን ተጠያቂ ይሆናል ሲል አቅምን ቅድመ ሁኔታ አላደረገም። ግልጽነት በጀት አያስጠብቅም።

አንድ የረሳነውን ታሪክ ላስታውሳችሁ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 28 ቀን 2010 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ንጹህ ውሃና የአካባቢ ንጽህና ሰብአዊ መብት ነው የሚል ውሳኔ ለድምፅ አቀረበ። 122 አገሮች ደገፉ። የተቃወመ አልነበረም። 41 አገሮች ድምፅ ተአቅቦ አደረጉ። ኢትዮጵያ ከ41ዱ አንዷ ነበረች። ኬንያም እንዲሁ። እስከዚህ እኩል ነን።

ግን ኬንያ በዚያው ነሐሴ አዲስ ሕገ መንግሥቷን አጸደቀች። አንቀጽ 43 ላይ እያንዳንዱ ሰው በቂ፣ ንጹህና ደኅንነቱ የተጠበቀ ውሃ የማግኘት መብት አለው ብላ ጻፈች። ከዚያ በፊት ያቋቋመችው የውሃ አገልግሎት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ደግሞ የከተሞቹን ውሃ አቅራቢዎች በየጊዜው ይመዝናል። በቀን ስንት ሰዓት ውሃ ሰጡ? ካመረቱት ስንት በመቶ ጠፋ? ብሎ ደረጃ አውጥቶ በስም ያትማል። ናይሮቢ ውሃ የተትረፈረፈባት ከተማ አይደለችም፤ እዚያም ፈረቃ አለ፣ እዚያም ጀሪካን አለ። ልዩነቱ የናይሮቢ ነዋሪ ሲከራከር በእጁ የሚይዘው የታተመ ቁጥር አለው። እኛ በእጃችን ያለው ጀሪካን ነው።

ከጎረቤትም አልፈን እንሂድ። በእንግሊዝና በዌልስ ውሃ ሳይነገር ተቋርጦ ሕጉ በወሰነው ሰዓት ካልተመለሰ፣ ኩባንያው ለደንበኛው ካሳ ይከፍላል። «እነሱ ሀብታም ናቸው» እንዳትሉኝ ፕኖም ፔንን ልጥራ። የካምቦዲያ ዋና ከተማ ከጦርነትና ከጅምላ ፍጅት የወጣች ናት። ኤክ ሶን ቻን የሚባል መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1993 የውሃ መሥሪያ ቤቱን ሲረከብ፣ ከሚመረተው ውሃ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው ገቢ ሳያስገኝ ይጠፋ ነበር። ያደረገው ነገር ተአምር አልነበረም። የደንበኛ መዝገብ አጸዳ፣ ለሁሉም ቆጣሪ አስገባ፣ ከውስጥ የሚሰርቁትን አባረረ፣ ፍሳሽ የሚጠግን ቡድን ሌት ተቀን አሰማራ። አንከፍልም ያሉ ባለ ጠመንጃ ሹማምንት ሳይቀሩ እንዲከፍሉ አደረገ። በ15 ዓመት ገደማ ውስጥ ብክነቱ ወደ 6 በመቶ ወረደ፤ ውሃው 24 ሰዓት ሆነ። አዲስ ግድብ ሳይሆን መዝገብና ተጠያቂነት መጀመሪያ ቢመጣ ምን እንደሚሆን ማየት ለሚፈልግ፣ ማስረጃው እዚያ አለ።

ታዲያ ምን እንጠይቅ?

«ውሃ ይምጣልን» የሚለው ጥያቄ ሰልችቶኛል። መልሱን ስለምናውቀው ነው፤ «በቅርቡ ይፈታል፣ ታገሱ» ነው። መልስ የሌለውን ጥያቄ እየደጋገምን መልስ ያለውን ረሳን።

አንደኛ፣ ፈረቃው ከነአፈጻጸሙ ይታወቅ። በወሩ መጨረሻ በእያንዳንዱ ወረዳ «የታቀደው ይህን ያህል ሰዓት፣ የደረሰው ይህን ያህል ሰዓት» የሚል አንድ ገጽ ይለጠፍ።

ሁለተኛ፣ ፈረቃ ሲቀር በዚያው ቀን፣ ከምክንያቱና ከምትኩ ቀን ጋር በአጭር መልእክት ይነገረን። መብራት ሄዶ ከሆነ መብራት ሄዷል ይባል። እውነት የተነገረው ሰው ይታገሣል።

ሦስተኛ፣ የቀረ ፈረቃ ከቢላችን ላይ ይታሰብልን። ብሩ ትንሽ ይሁን፤ ግድ የለኝም። ዋናው የመሥሪያ ቤቱ የሒሳብ ክፍል «ያልደረሰ ውሃ» የሚል ዓምድ እንዲኖረው ነው። ዓምድ ያለው ነገር ስብሰባ ላይ ይነሳል።

አራተኛ፣ የየአካባቢው የፈረቃ ኃላፊ ስምና ስልክ ይለጠፍ። የውሃ አባታችንን እንወቀው። ለቴሌኮም ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ተቋቁሟል፤ ለውሃም ከአቅራቢው የተለየ፣ የሚመዝንና የሚቀጣ አካል ይቋቋም። ራሱን የሚያርም ፈተና የለም።

የእኛስ ድርሻ? ንጹሕ አይደለንም። ፓምፑን ቀጥታ መስመር ላይ የገጠምነው እኛ ነን። የቆጣሪ አንባቢን የምናባብል፣ ሕገወጥ ቅጥያ እያየን የምናልፍ እኛ ነን። ኮሚቴ ሲጠራ «ሥራ አለብኝ» የምንል፣ የብሎካችን ቴሌግራም ላይ ግን እስከ እኩለ ሌሊት የምናማርር እኛ ነን።

ስለዚህ ከቀላሉ እንጀምር። በየብሎኩ መግቢያ ጥበቃው ጋ አንድ ደብተር ይቀመጥ። አምስት ዓምድ ብቻ፦ ቀን፣ ፈረቃው ነበር ወይስ አልነበረም፣ የመጣበት ሰዓት፣ የሄደበት ሰዓት፣ የደረሰበት ፎቅ። ሦስት ወር እንጻፍ። አንድ ብሎክ ቢጽፍ ወሬ ነው። ሠላሳ ብሎክ ቢጽፍ ማስረጃ ነው። ከዚያ በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590 በሚሰጠን መብት መሠረት፣ በጽሑፍ የዚያኑ ሦስት ወር የፈረቃ አፈጻጸም መዝገብ እንጠይቅ። አዋጁ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል። መዝገቡን ከሰጡን ከእኛ ደብተር ጋር እናስተያየዋለን። መዝገብ የለንም ካሉ፣ እሱም በጽሑፍ ይሰጠን፤ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ እሱ ነው። ዝም ካሉ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፤ ይህን አዋጅ የማስፈጸም ኃላፊነት የተሰጠው ለእሱ ነው።

«ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» የሚሉኝ እንዳሉ አውቃለሁ። ደብተር ውሃ አያመጣም ይሉኛል። እውነት ነው፤ አያመጣም። ሮቶም ግን ውሃ አላመጣም፤ ማስቀመጫ ነው። ጩኸትም አላመጣም። ደብተሩ የሚያመጣው ሌላ ነገር ነው፦ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ኃላፊ ማይክ ይዞ «ችግሩ በተወሰኑ አካባቢዎች አልፎ አልፎ የሚታይ ነው» ቢል፣ «አይደለም፤ ቀኑ ይኸው፣ ሰዓቱ ይኸው» የሚል ሰው ይኖራል። እስካሁን እኛ የምንናገረው በስሜት ነው፤ እነሱ የሚናገሩት በሪፖርት ነው። ስሜትና ሪፖርት ሲከራከሩ ማን እንደሚያሸንፍ ታውቃላችሁ።

«ፖለቲካ ይሆንብሃል» የሚሉኝም አሉ። የከፈልኩበትን ዕቃ ደረሰኝ መጠየቅ ፖለቲካ ከሆነ፣ ሱቅ መሄድም ፖለቲካ ነው።

እማማን ትናንት ጠዋት ደረጃ ላይ አገኘኋቸው። እንደተለመደው «ልጄ፣ ውሃ መጥቷል እንዴ?» አሉኝ።

«ገና ነው እማማ» አልኳቸው። «ግን ደብተር ልንጀምር ነው። የመጣበትንና የቀረበትን ቀን እንጽፋለን።»

ትንሽ አሰቡ። «እኔ ማንበብ አልችልም» አሉ። «ግን ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። ቧንቧው ሲያፏጭ ሰዓቱን እነግርሃለሁ።»

የመጀመሪያዋ መዝጋቢያችን እሳቸው ናቸው። በሌሎቹ ብሎኮች ያላችሁ፣ እስክሪብቶ አምጡ።